ራስጌ የሚቆመው ባለሙያ እንዴት ይሠለጥናል?

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ሰሞን ስልኬ ዕረፍት የለውም። የሚደውሉት ወላጆች ናቸው፤ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው፣ የሩቅ ዘመድ። «ልጄ አንስቴዢያ ደረሳት። ሐኪም ልትሆን ነው ወይስ ነርስ?» ይሉኛል። የአንዳንዶቹ ድምፅ ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል፤ ሕክምና ሲጠብቁ ስሙን የማያውቁት ነገር መጣባቸው። ለእያንዳንዱ በስልክ አስረድቼ ስለማልዘልቀው እዚህ በደንብ ልጻፈው።

እኔ ከዎርድ ነርስነት ተነሥቼ ሰመመን ሰጪ፣ ማለትም የአንስቴዢያ ባለሙያ የሆንኩ ሰው ነኝ። አሁን በአንድ የክልል ማስተማሪያ ሆስፒታል ተማሪዎችን አጠገቤ አቁሜ አሠለጥናለሁ። ሙያዬ ከተቀየረ ዘመን ቢያልፈውም ዛሬም «ሲስተር» ነው የምባለው።

ኦፕሬሽን ሲባል ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ምላጭ የያዘው ሐኪም ነው። በሽተኛው ራስጌ ግን ሌላ ባለሙያ ቆሟል። እሱ በሽተኛውን አስተኝቶ ዞር አይልም። ሕመም እንዳይሰማው፣ የሆነውንም እንዳያስታውስ ያደርጋል። ለቀዶ ጥገናው ጡንቻ መላላት ካለበት ያላላዋል፤ ጡንቻ ሲላላ ትንፋሽም አብሮ ይቆማልና ትንፋሹን ተረክቦ እሱ ይተነፍስለታል። የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱን፣ የሰውነቱን ሙቀት፣ ወለል ላይ የፈሰሰውን ደም ሳይቀር ይከታተላል። ሲያልቅ ደግሞ አንቅቶ፣ ስሙን ጠርቶ፣ በራሱ ሲተነፍስ አይቶ ነው የሚያስረክበው።

ተማሪ ኦፕሬሽን ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የማስይዘው ማስክ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የግራ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ማስኩን ከላይ ከበው ፊት ላይ ያሳርፉታል፤ የቀሩት ሦስት ጣቶች የመንጋጋውን አጥንት ይዘው ወደ ላይ ያነሡታል። ጀማሪ ሁሉ ማስኩን ወደ ታች ይጫናል። ሲጫን አገጭ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ የአየር መንገዱ ይዘጋል። «መንጋጋውን ወደ ማስኩ አምጣው» እላለሁ፤ በቀን ስንቴ እንደምለው እንጃ። ጣቶቹ አጥንቱን መያዝ አለባቸው፤ ከአገጭ ሥር ያለውን ለስላሳ ሥጋ ከተጫኑት፣ በተለይ ሕፃን ከሆነ፣ መንገዱን ራሳቸው ይዘጉታል። አያያዙ ሲስተካከል ቀኝ እጅ ከረጢቱን ይጨምቃል፤ ደረት ከፍ ይላል፣ ማስኩ ውስጥ ጉም መጣ ሄደ ይላል። ያን ጊዜ የተማሪው ትከሻ ሲፈታ አያለሁ። የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ያቃተው ሰመመን ሰጪ በማስክ እያስተነፈሰ እርዳታ መጥራት ይችላል። በማስክ ማስተንፈስ ያቃተው ግን ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ቀጥሎ ጆሮ ይሠለጥናል። ጣት ላይ የሚሰካው ፐልስ ኦክሲሜትር በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ ያሳያል፤ ከልብ ምቱ ጋርም እየጮኸ ይሄዳል። ኦክስጅኑ ሲቀንስ ድምፁ ይወፍራል። ስለዚህ ፊቱን ወደ መድኃኒት ጠረጴዛው ያዞረ ባለሙያ ከ98 ወደ 90 መውረዱን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። ተማሪዎቼን ለሞኒተሩ ጀርባቸውን አስሰጥቼ «አሁን ስንት ሆነ?» እያልኩ እጠይቃቸዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ ይህ መሣሪያ በሽተኛው ላይ መሰካቱንና መሥራቱን ከሰመመን በፊት ማረጋገጥን ይጠይቃል። አንዳንዴ ሙሽራ ወይም አራስ ትመጣና ጣቶቿ በሂና ጠቁረው መሣሪያው አላነብ ይላል፤ ያን ጊዜ ወደ ጆሮ ጫፍ እንወስደዋለን።

ሙያው ራሱ ረጅም ዕድሜ የለውም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ቦስተን ውስጥ ዊሊያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል አንድን በሽተኛ በኤተር አስተኝቶ ሕዝብ ፊት ያለ ሥቃይ ቀዶ ጥገና እንዲደረግለት አደረገ። በየዓመቱ በጥቅምት የዓለም የሰመመን ሕክምና ቀን የሚከበረው ለዚህ ነው። እኔ ግን ለተማሪዎቼ አስረዝሜ የምነግራቸው የኮፐንሃገንን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በዚያች ከተማ የፖሊዮ ወረርሽኝ ገባ። ሕፃናትና ወጣቶች የመተንፈሻ ጡንቻቸው እየዛለ ይሞቱ ነበር፤ የነበሩት የመተንፈሻ ማሽኖች ደግሞ ጥቂት ናቸው። ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ የምናደርገውን ለምን እዚህ አናደርገውም ብሎ ጉሮሯቸው ላይ ቀዳዳ ተበጅቶ በቱቦ፣ ከረጢት በእጅ እየተጨመቀ እንዲተነፍሱ አደረገ። ከረጢቱን የጨመቁት የሕክምና ተማሪዎች ናቸው፤ በፈረቃ፣ ቀንና ሌሊት፣ ለወራት። የሟቾች ቁጥር በእጅጉ ወረደ። ዛሬ አይሲዩ የምንለው የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተወለደው ከዚያ ሥራ ነው። ተማሪ ከረጢት መያዝ ሲሰለቸው ይህን እነግረዋለሁ።

ወደ ወላጆቹ ጥያቄ ልመለስ። ልጅቷ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀጥታ ከመጣች የምትማረው የአንስቴዢያ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ አራት ዓመት ይወስዳል። ስትመረቅ አንስቴቲስት ትባላለች። ሐኪም አይደለችም፣ ነርስም አይደለችም፤ የራሱ ፈቃድና የራሱ ማኅበር ያለው ሙያ ነው። ጎንደር፣ ጅማ፣ አዲስ አበባና ዲላ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ከሚያስተምሩት መካከል ናቸው። ከዲግሪው በኋላ ሁለት ዓመት የሚወስድ ማስተርስ አለ፤ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩት አብዛኞቹ በዚህ ያለፉ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ በሕክምና በኩል ያልፋል። ሕክምና ጨርሶ ዶክተር የሆነ ሰው በሬዚደንትነት ለዓመታት ሠልጥኖ አንስቴዚዮሎጂስት፣ ማለትም የሰመመን ሕክምና ስፔሻሊስት ይሆናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በዚህ ሥልጠና ግንባር ቀደሙ ነው። ስፔሻሊስቱ ከኦፕሬሽን ክፍል አልፎ ጽኑ ሕሙማንን፣ የልብና የሳንባ ችግር ያለባቸውን፣ ሥር የሰደደ ሕመም የሚያሠቃያቸውን ያክማል። የዓለም የሰመመን ሐኪሞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ለመቶ ሺሕ ሕዝብ ቢያንስ አምስት ስፔሻሊስት ይኑር ይላል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነው ሕዝባችን ይህ ከ5,000 በላይ ሐኪም ማለት ነው፤ ያሉን ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ በአገራችን አብዛኛውን ሰመመን የሚሰጠው አንስቴቲስቱ ነው፤ ወረዳ ላይ ደግሞ ብቻውን።

የእኔ ዘመን መንገድ ሌላ ነበር። ከነርሶች መካከል ሠርተው የቆዩት ተመርጠው፣ ሆስፒታል ውስጥ ከነባሮቹ ሥር ሆነው ይማሩ ነበር። ከዚያም በጤና ሳይንስ ኮሌጆች በዲፕሎማ ደረጃ ማሠልጠን መጣ፤ በዚያ የገቡት ኋላ ዲግሪያቸውን አሻሽለዋል። ቁጥሩ በፍጥነት እንዲያድግ ያስገደደው የእናቶች ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ጤና መኮንኖችን ለሦስት ዓመት አሠልጥኖ የድንገተኛና የማዋለጃ ቀዶ ሕክምና የሚያሠራ የማስተርስ ፕሮግራም ተጀመረ። የሚቆርጥ ሰው ወረዳ ሲደርስ የሚያስተኛ ሰውም አብሮ መድረስ ነበረበት። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ስንት እናት እንዳተረፈ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዲሲና ከሲያትልም ይደወልልኛል። እዚያ ነርስ የሆኑ ልጆቻችን ስለ አሜሪካው መንገድ ሲያወሩኝ ከእኛ ምን ያህል እንደሚለይ አስተውላለሁ። እዚያ ነርስ አንስቴቲስት ለመሆን በዲግሪ የተመረቀ ነርስ መሆን፣ ቢያንስ አንድ ዓመት በጽኑ ሕሙማን ክፍል መሥራት፣ ከዚያም ሦስት ዓመት ያህል መማር ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የሚገቡት ሁሉ የሚማሩት በዶክትሬት ደረጃ ነው። እኛ ዘንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በቀጥታ ይገባል። በሽተኛ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ግን እነሱ ከመግባታቸው በፊት አይሲዩ ውስጥ ያገኙትን እኛ በትምህርቱ ውስጥ ልንሰጠው ይገባናል።

ትምህርቱ ከባድ ነው፤ ይህን ለወላጆች አልደብቅም። የሰውነት አሠራር፣ የመድኃኒት ሳይንስ፣ ብዙዎች የማይጠብቁት ፊዚክስም አለው። ኦክስጅን ሲሊንደር ላይ ያለውን የግፊት መለኪያ ማንበብ ለምሳሌ። አርባ ሊትር ስፋት ያለው ትልቅ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል። ቀስቱ 50 ላይ ከደረሰ የቀረው 2,000 ነው፤ በደቂቃ አሥር ሊትር ከወሰደ 200 ደቂቃ ይቆያል። ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው የሰመመን ጋዝ ግን በሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ ስለሆነ ፈሳሹ እስኪያልቅ ቀስቱ አይንቀሳቀስም፤ ሙሉ ነው ያልከው ድንገት ባዶ ይሆንብሃል። መብራት ጠፍቶ የኦክስጅን ማሽኑ ሲቆም ይህ ስሌት የፈተና ጥያቄ መሆኑ ይቀርና ሆዱ የተከፈተ ሰው ላይ ስንት ደቂቃ እንደቀረህ ይነግርሃል። ሁልጊዜ ጠዋት ከመጀመሪያው በሽተኛ በፊት ተማሪ ሲሊንደሩን አንብቦ ደቂቃውን ጮክ ብሎ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ።

ከሁሉ የምወደው ግን በሽተኛውን ቀድሞ ማየትን ማስተማር ነው። ይህን ክፍል የውጭ መጽሐፍ ብቻውን አያስተምረውም። ሕጉ አጭር ነው፤ ከሰመመን በፊት ቅባት ከበዛበት ምግብ ስምንት ሰዓት፣ ከቀላል ምግብ ስድስት ሰዓት፣ ከጥሩ ውኃ ሁለት ሰዓት መራቅ። ምክንያቱም ሰው ሲሰመም የሚያስለው፣ የሚያስውጠው ኃይል ይጠፋል፤ ጨጓራ ውስጥ ያለው ወደ ላይ መጥቶ ሳንባ ይገባል። ተማሪው ይህን በቃሉ ይዞ ይመጣል። ከዚያ አንዲት አሮጊት ፊት ይቆማል።

«እማማ፣ ዛሬ ምግብ በልተዋል?»

«ኧረ ምንም፣ ልጄ። ፆመኛ ነኝ።»

ተማሪው ካርዱ ላይ «ባዶ ሆድ» ብሎ ሊጽፍ ሲል እጁን እይዘዋለሁ። «ጠበል ቀምሰዋል ወይ ብለህ ጠይቅ።»

«ጠበልማ ጠጥቻለሁ። በአንድ ኩባያ ሙሉ። እሱ ምግብ ነው እንዴ?»

«በስንት ሰዓት፣ እማማ?»

«አሁን ልጄ ይዞልኝ መጥቶ።»

ምግብ አልበሉም፤ እሳቸው አልዋሹም። ጥያቄያችን ነው ያልደረሰበት። ጠበሉ ውኃ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ብንጠብቅ ይበቃል፤ ጠበቅን። ቡናም እንዲሁ፤ «ቁርስ በልተሃል?» ለተባለ ሰው ቡና ቁርስ አይደለም። ጫትም መጠየቅ አለበት፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ከአንዳንድ መድኃኒቶቻችንም ጋር አይስማማም። ቤተሰብ ፊት «አልቅምም» ያለ ሰው ለብቻው ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራልና ቤተሰቡን በትሕትና ማስወጣት ይማራሉ። ማተብ ለመበጠስ መቀስ ያነሣ ተማሪ ከገጠመኝ አስቆመዋለሁ። አንገት ላይ ቀዶ ጥገና እስካልሆነ ድረስ ማተቡ ማንንም አያስቸግርም፤ ካስቸገረም ራሳቸው ፈተው እጃቸው ላይ እንዲያስሩት ይጠየቃሉ። ሰው በማያውቀው ክፍል፣ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ራሱን አሳልፎ ሊሰጥ ነው የመጣው። ያን ሰዓት ማተቡን የሚበጥስበት ሰው ላይ እንዴት እምነት ይጥላል?

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልናገር። ትምህርት ቤቶቹና ወንበሮቹ በዝተዋል፤ የኦፕሬሽን ጠረጴዛው ግን በዚያው ልክ አልበዛም። አንድ በሽተኛ ዙሪያ አሥር ተማሪ ሲቆም አንዱ ቱቦ ያስገባል፣ ዘጠኙ ያያሉ። ኋላ የቆመው የሚያየው የጓደኛውን ጀርባ ነው። አሻንጉሊት ላይ መለማመድ ይረዳል፣ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ የአሻንጉሊት ጥርስ ግን አይነቃነቅም፣ ምራቅ የለውም፣ ከንፈሩም አይጠቁርም።

ከአንድ ሌላ ተቋም ለልምምድ የመጣ ተማሪ የልምምድ መዝገቡን፣ ሎግ ቡኩን፣ አሳየኝ። ቱቦ ማስገባት በሚለው ገጽ ላይ ቦታው ሁሉ ሞልቷል። የወራት ሥራ ነው የተባለው፤ ከላይ እስከ ታች ግን አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ ዓይነት ፊርማ፣ ያልታጠፈ ንጹሕ ወረቀት። ማስኩን ስሰጠው ወደ ታች ተጫነው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ የመድኃኒት ጥያቄ ስጠይቀው ሳይንተባተብ ይመልሳል። ማንም እጁን ይዞ አላሳየውም፤ ያላየው ሰው ደግሞ ፈረመለት። ያ ፊርማ ልጁንም ነገ እጁ ላይ የሚወድቀውን በሽተኛም ይጎዳል።

ዛሬ ተመራቂ የብቃት ምዘና ፈተና ሳያልፍ የሙያ ፈቃድ አያገኝም፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ይሰጣል። ሁለቱንም እደግፋለሁ። ነገር ግን ምርጫ እየመረጡ የሚሠሩት ፈተና ጣት የት እንዳረፈ አያይም። በእኔ እምነት አንድ ትምህርት ቤት በዓመት ስንት ተማሪ ይቀበል የሚለውን መወሰን ያለበት በአቅራቢያው ያለው ሆስፒታል በዓመት የሚሠራው ኦፕሬሽንና እዚያ ቆሞ ማስተማር የሚችለው ሰው ብዛት ነው። በዲግሪው ባለሙያና በስፔሻሊስቱ መካከል ማን ምን ይባል፣ ማን ማንን ይዘዝ የሚለው ክርክር ጊዜያችንን በልቶታል። ሌሊት ዲውቲ ላይ ከተማሪው አጠገብ የሚቆም ሰው ካለ ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን ለእኔ እሱ መምህር ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ አንድ የስልክ ጥሪ ልንገራችሁ። ከተመረቀ ገና ዓመት ያልሞላው ተማሪዬ ነው፣ ከአንድ የወረዳ ሆስፒታል፣ በእኩለ ሌሊት።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩዎት። ነፍሰ ጡር ናት፣ ከመውለዷ በፊት እየደማች ነው። ግፊቷ 80 በ40፣ ምቷ 140። ለኦፕሬሽን አስገብተዋታል። ስፓይናል (በጀርባ የሚሰጠውን ሰመመን) ልሥራላት?»

«ስንት ላይን ከፍተሃል?»

«አንድ።»

«ሁለተኛ ክፈት፣ በወፍራም ካኑላ። ደም ተጠይቋል?»

«ባሏና ወንድሟ እየሰጡ ነው።»

«ሰክሽኑን አብራውና ድምፁን አሰማኝ።» በስልኩ ውስጥ ሰማሁት። «ጥሩ። ስፓይናል ብትሰጣት ምን ይሆናል?»

ዝም አለ። ከዚያ፦ «የደም ሥሯ ይሰፋል። ያላት ግፊትም ይወርዳል።»

«ታዲያ በምን ታስተኛታለህ?»

«በኬታሚን። መጠኑን ቀንሼ። ከዚያ ቱቦ።»

«ሂድ ሥራ። ስልኩን አትዝጋው፣ ለነርሷ ስጣት።»

ሊነጋ ሲል እናትየዋም ልጇም መትረፋቸውን ጽፎልኛል። መልሱን እኔ አልነገርኩትም፤ ሁሉንም ያውቀው ነበር። ኬታሚን ከሌሎቹ ማስተኛ መድኃኒቶች ይልቅ የደም ግፊትን እንደሚደግፍ ክፍል ውስጥ ተምሯል፣ ፈተናውንም አልፏል። ያጣው ሰው ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በዚያ ሆስፒታል ሌላ ሰመመን ሰጪ የለም፤ ቀንም ሌሊትም፣ በዓልም ሲሆን ተጠሪው እሱ ነው። ታሞ ቢተኛ ኦፕሬሽን ክፍሉ ይዘጋል።

ስለዚህ በየስብሰባው የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አዲስ ተመራቂ የመጀመሪያዎቹን ወራት ነባር ባለሙያ ባለበት ሆስፒታል ይሥራ፤ ወረዳ ሲመደብም ሁለት ሆነው ይሂዱ። ይህ እስኪሆን ደግሞ በየክልሉ ሌሊት ስልክ የሚያነሣ ነባር ባለሙያ በተራ ይመደብ። አሁን ስልኩን የምናነሣው በፈቃደኝነት፣ ተማሪዎቻችን ስለሆኑ ነው። የእኔን ቁጥር የማያውቀው ለማን ይደውላል?

በእጃችን ያለውን ግን ጀምረናል። እኔ ባለሁበት ክፍል ዘንድሮ በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ተማሪ በላይ እንዳይቆም ተስማምተናል። የቀሩት ሪከቨሪ ይገባሉ፤ ከኦፕሬሽን የወጣውን በሽተኛ ትንፋሹን ይቆጥራሉ፣ ግፊቱን ይለካሉ፣ ሕመሙን ይጠይቃሉ፤ ብዙ አደጋ የሚደርሰው ሁሉም አለቀ ብሎ በተበተነበት በዚያ ሰዓት ስለሆነ ጊዜያቸው አይባክንም። ሎግ ቡክ ላይ የሚፈርመውም ራሱ አጠገቡ የቆመው ነው፣ በዚያው ቀን፣ የበሽተኛው የካርድ ቁጥር ተጽፎ። የሦስተኛ ዓመቶቹ የማስክ ሳምንት ሰኞ ይጀምራል፤ ስማቸው ከነተራቸው ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል።